ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቆም፦ በፍኖተ ሰላም በአንድ ድመት ላይ የታየ የአድሬናል ዕጢ አቅም ማነስ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አድሬናል ከኩላሊት አጠገብ ያለ ዕጢ ነው፤ አካል ጭንቅን የሚቋቋምበትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመርታል። በድመት ላይ የሚታይ የዚህ ዕጢ አቅም ማነስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ዕጢው ራሱ ሲጎዳ የሚመጣው ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የገለጸው ዓይነት። ይህ በውሻ ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ በድመት ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ ያለበት ነው፤ ለወራት ስቴሮይድ (የኮርቲሶልን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት) ሲወስድ የቆየ ድመት መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት ይመጣል። ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ፣ ዴክሳሜታሶን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በቀላሉ በሚገኝበት በጎጃም አንድ ሐኪም የመጀመሪያውን ዓይነት ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ምናልባት አይቶታል፤ ስሙን የጻፈው "መርዝ" ወይም "ምክንያቱ ያልታወቀ" ብሎ ነው።

ይህ ድመት ትክክለኛው ጥያቄ እስኪጠየቅ ድረስ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ግምት ተሰጥቶታል፤ መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ድመቱና ቤቱ

ድመቱ 5 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ያልተኮላሸ ወንድ ነው። የሚኖረው በፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሥራው አይጥ መጠበቅ ነው። ባለቤቱ የመጋዘኑ ነጋዴ የሆነች ሴት ናት። ምግቡ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ወተት፣ ከልኳንዳ የሚመጣ ትርፍራፊና ራሱ የሚይዘው አይጥ ነው።

ችግሩ የጀመረው ከ7 ወር በፊት በቁንጫ ነው። ጀርባውና አንገቱ ላይ ትንንሽ ቅርፊት ወጣ፣ ሆዱን እየላሰ ጸጉሩን ጨረሰው። ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚ.ግ. ለ10 ቀን ታዘዘለት፤ ማሳከኩ በ3 ቀን ቆመ። 10 ቀኑ ሲያልቅ ተመለሰ። ባለቤቷ ያንኑ የመድኃኒት ልጣጭ ይዛ ወደ ፋርማሲ እየሄደች መግዛት ቀጠለች። በመካከሉም ሲብስበት ሁለት ጊዜ የ"ዴክሳ" መርፌ ተወግቷል። ቁንጫውን ማንም አልነካውም።

3.8 ኪ.ግ. ለሚመዝን ድመት 5 ሚ.ግ. ማለት በኪሎ 1.3 ሚ.ግ. ነው። ለአጭር ጊዜ ማሳከክ ለማስታገስ የተለመደ መጠን ነው፤ ለ7 ወር በየቀኑ ግን ዕጢውን ሥራ ያስፈታል። ድመቱ በዚህ ጊዜ ሆዱ ወርዶ፣ ቆዳው ሳስቶ፣ ውኃ መጠጣት አብዝቶ ነበር። ባለቤቷ ይህን እንደ ውፍረት ነው ያየችው።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን አንዲት ጎረቤት "ያ ክኒን ኩላሊቱን ይበላዋል፣ ተይው" አለቻት። ለእንስሳው በማዘን የተሰጠ ምክር ነው፤ ባለቤቷም ለድመቱ አዝና ሰኞ ዕለት ክኒኑን ጣለችው።

ከቆመበት ቀን እስከ 11ኛው ቀን

በ4ኛው ቀን ድመቱ ምግብ ተወ፣ ከጆንያ ጀርባ ተደበቀ። በ5ኛው ቀን ሁለት ጊዜ አስመለሰው። በአጠገቡ ባለው መጋዘን የአይጥ መርዝ ተጥሎ ስለነበር መጀመሪያ የተጠረጠረው እሱ ነው። የተፈጨ ከሰል በወተት ተበጥብጦ በማንኪያ ተጋተ። ወተት የአይጥ መርዝ ማርከሻ አይደለም፤ ከሰልም ቢሆን የሚረዳው በተበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፣ ያውም ለዚሁ የተዘጋጀው እንጂ የምድጃ ከሰል አይደለም። ለደከመ ድመት በግድ መጋት ደግሞ ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይመራዋል። ይህኛው ድመት ከዚህ መትረፉ ዕድል ነው።

ደምን የሚያቀጥን የአይጥ መርዝ ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ የድድ፣ የአፍንጫ ወይም የቆዳ ሥር መድማት ይታይ ነበር። ዚንክ ፎስፋይድ ቢሆን ደግሞ ነገሩ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን የሚያልቅ ነው፤ 11 ቀን ሙሉ እየተሻለና እየባሰ አይሄድም።

በ6ኛው ቀን ሁለተኛው ግምት መጣ፤ ትልና ኢንፌክሽን። የትል መድኃኒት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊንና ከእሱ ጋር "ለጉልበት" ተብሎ ዴክሳሜታሶን ተወጋ። ድመቱ በማግሥቱ ተነስቶ በላ። ሁሉም አንቲባዮቲኩ ሠራ አለ። በ9ኛው ቀን እንደገና ወደቀ።

የዚያ አንድ ቀን ተኩል መሻል በጉዳዩ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ነበር። በአንቲባዮቲክ የሚድን ኢንፌክሽን በ12 ሰዓት ውስጥ ድመትን ከወደቀበት አስነስቶ አያስበላም። ኮርቲሶል ያጣ አካል ግን ስቴሮይድ ሲያገኝ ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅም ልክ እንዲህ ይወድቃል።

ክሊኒክ ሲደርስ የታየው

በ11ኛው ቀን በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ በባጃጅ መጣ። ክብደቱ 3.1 ኪ.ግ. ነበር። የሰውነት ሙቀቱ 36.1 ዲግሪ (ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ገደማ ነው)፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 132፣ የጭኑ የደም ሥር ምት ደካማ። ድዱ ነጣ ያለና ደረቅ፤ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ 3 ሰከንድ ፈጀ። ትከሻው ላይ የተቆነጠጠው ቆዳ ቆሞ ቀረ። የትም ቦታ መድማት የለም።

የልብ ምቱ ቁጥር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክሊኒክ የመጣ የፈራ ድመት ከ180 በላይ መምታት አለበት። ውሻ በሾክ ጊዜ ልቡ ይሮጣል፤ ድመት ግን ብዙ ጊዜ ልቡ ይዘገያል፣ አካሉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 132 "ጥሩ፣ የተረጋጋ" ማለት አይደለም። በወንድ ድመት ላይ የዘገየ ልብ ሲገኝ መጀመሪያ ሆድ ተዳስሶ ፊኛው መታየት አለበት፤ የሽንት ቧንቧ ተዘግቶ ፖታሲየም ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላልና። የዚህ ድመት ፊኛ ትንሽና ለስላሳ ነበር።

ሦስተኛው ግምት ኩላሊት ነበር፤ የጎረቤቷ ማስጠንቀቂያ ያመጣው ነው። በመርፌ ከፊኛው የተቀዳው ሽንት በሪፍራክቶሜትር ሲለካ 1.046 ሆነ። ሽንቱን ይህን ያህል ማወፈር የቻለ ኩላሊት ሥራውን እየሠራ ነው፤ በደሙ ውስጥ ዩሪያና ክሬያቲኒን ትንሽ ከፍ ማለታቸው ከድርቀቱ የመጣ ነው።

የተለወጠው ጥያቄ

እስከዚያ ድረስ ሦስት ሰዎች ባለቤቷን "መድኃኒት ይወስዳል?" ብለው ጠይቀዋታል። ሦስት ጊዜም "የለም" ብላለች። እውነቷን ነው፤ አቁሟል። ጥያቄው የተጠየቀው በዛሬ ግስ ነበር። በክሊኒኩ "ባለፉት 6 ወራት በአፍ፣ በመርፌ፣ በቅባት ወይም በዓይን ጠብታ የወሰደው ነገር አለ?" ተብላ ስትጠየቅ ሰው ልካ ከሱቋ አንድ ፌስታል ሙሉ ባዶ ልጣጭ አስመጣች። ምርመራው በአመዛኙ እዚያ ላይ አለቀ።

ቅባቱን መጠየቅ ለሥርዓት ያህል አይደለም። ድመት የተቀባውን ይልሳል፤ ቤታሜታሶን ያለበት የሰው ቆዳ ቅባት በየዕለቱ የሚቀባ ድመት መጠኑ የማይታወቅ ስቴሮይድ እየዋጠ ነው። ሴት ድመት ወንድ እንዳትፈልግ የሚሰጥ ሜጄስትሮል አሲቴትም በድመት ላይ አድሬናልን ያፍናል፤ "ስቴሮይድ" የሚል ስም ስለሌለው ግን ማንም አይቆጥረውም።

ዕጢው ምን ሆኖ ነው

ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይልካል፤ የአድሬናል ውጫዊ ክፍል መካከለኛው ሽፋን ይህን ተቀብሎ ኮርቲሶል ያመርታል። ከውጭ ፕሬድኒሶሎን ሲገባ ፒቱታሪው በቂ ኮርቲሶል ያለ ይመስለውና ኤሲቲኤች መላክ ያቆማል። ጠሪ ያጣው ሽፋን በሳምንታት ውስጥ ይኮማተራል። ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቆም የውጭው የለም፣ የውስጡም ገና አልነቃም። ኮርቲሶል ከሌለ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ የደም ስኳር ይወርዳል፣ የደም ሥሮች ግፊት መያዝ ያቅታቸዋል።

የላይኛው ሽፋን ግን ሌላ ጌታ ነው ያለው። ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚቆጣጠረውን አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን የሚያመርተው ይህ ሽፋን በዋናነት የሚታዘዘው ለሬኒንና አንጂዮቴንሲን ሥርዓት (የደም ግፊትን ለሚቆጣጠረው የሆርሞን ሰንሰለት)፣ እንዲሁም ለራሱ ለፖታሲየም ነው። ስለዚህ በክኒን መቋረጥ በሚመጣው ዓይነት ሶዲየምና ፖታሲየም ብዙ ጊዜ ከደህናው ክልል አይርቁም። ዕጢው ራሱ በጠፋበት ዓይነት ሁለቱም ሽፋኖች ይሄዳሉ፤ ሶዲየም ይወርዳል፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሶዲየም ለፖታሲየም ሲካፈል ውጤቱ ከ24 በታች ይሆናል። አዲሰን ብቻ አንብቦ የመጣ ሰው "ፖታሲየሙ ደህና ነው፣ አድሬናል አይደለም" ብሎ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ላቦራቶሪ፦ አንድ የቱቦ ስህተት

ኤሌክትሮላይት (በደም ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ፖታሲየምን የመሰሉ ጨዎች) የተሠራው በሰው ላቦራቶሪ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ፖታሲየም ከመሣሪያው የመለኪያ ጣሪያ በላይ፣ ካልሲየም ከወለሉ በታች ብሎ መጣ። ወረቀቱ ቢታመን ኖሮ ካልሲየም ግሉኮኔትና ኢንሱሊን መሰጠት ነበረበት፤ ስኳሩ ለወረደ፣ ኮርቲሶል ለሌለው ድመት ኢንሱሊን ገዳይ ነው።

ያጠራጠረው የሁለቱ አብሮ መምጣት ነው። እንዲህ ያለ ፖታሲየም ያለው ልብ በደቂቃ 132 ሥርዓቱን ጠብቆ ይመታል ተብሎ አይጠበቅም። ደሙ የተላከው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነበር። ያ ቱቦ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ያዘለ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ነው፤ ፖታሲየሙን ይጨምራል፣ ካልሲየሙን ይይዛል። በቀይ ክዳን ቱቦ እንደገና ሲቀዳ ሶዲየም 144፣ ፖታሲየም 4.6 ሆነ፤ ሲካፈል 31 ገደማ። በመርፌ ሲቀዳም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ቀዩ፣ በመጨረሻ ሐምራዊው። ከሐምራዊው ወደ ቀዩ መገልበጥ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል።

ርካሹና ብዙ የተናገረው ምርመራ በጊምሳ የተቀባ የደም ስላይድ ነው። በጠና የታመመና የተጨነቀ ድመት ኮርቲሶሉ ከፍ ስለሚል ሊምፎሳይት ይቀንሳል፣ ኢዮሲኖፊል ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። በዚህ ስላይድ ላይ ከ100 ነጭ ሴል 48 ሊምፎሳይት፣ 12 ኢዮሲኖፊል ተቆጠረ። እንዲህ ለሞት ለቀረበ እንስሳ ይህ "ደህና" የሚመስል ቁጥር ደህና አይደለም። ቁንጫው ኢዮሲኖፊልን ሊያበዛ ስለሚችል ክብደቱ በሊምፎሳይቱ ላይ ነው።

የደም ስኳሩ በሰው መለኪያ 52 ነበር። እነዚህ መለኪያዎች የድመት ደም ሲለኩ ወደ ታች ያደላሉ፤ ሆኖም እንዲህ ለደከመ ድመት 52 ታይቶ አይታለፍም።

ማረጋገጫው የኤሲቲኤች ማነቃቂያ ምርመራ ነው፤ 125 ማይክሮግራም ቴትራኮሳክታይድ (ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች) ከመወጋቱ በፊትና በኋላ ኮርቲሶል ይለካል። መድኃኒቱ አልተገኘም። ስቴሮይድ ከመሰጠቱ በፊት ሴረም ተለይቶ በበረዶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ኮርቲሶሉ በዴሲሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ሆኖ ተመለሰ። ይህ ግምቱን ይደግፋል እንጂ ብቻውን አይበይንም። የጤነኛ ድመት ኮርቲሶል በዕረፍት ጊዜ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከ5 ቀን በፊት የተወጋው ዴክሳሜታሶንም ፒቱታሪውን በማፈን ውጤቱን ያደበዝዘዋል። ምርመራው የቆመው በታሪኩ፣ በደህናው ፖታሲየም፣ በስላይዱና በኋላ በታየው የመድኃኒት ምላሽ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ፊት እግሩ ላይ ገባ። ኖርማል ሳላይን በኪሎ 10 ሚ.ሊ. ሂሳብ 30 ሚ.ሊ. በ20 ደቂቃ ተሰጠ፤ በተለመደው 20 ጠብታ 1 ሚ.ሊ. በሆነው መስመር ይህ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው። የልብ ምቱና የድዱ ቀለም ታይቶ አንዴ ተደገመ። ለውሻ የሚለቀቀው ጎርፍ ለድመት አይሆንም፤ ሳንባው በቀላሉ ውኃ ይቋጥራል። ትንፋሹ በደቂቃ ከ40 ካለፈ ወይም አፍንጫው ውኃ ካንጠባጠበ ፈሳሹ ይቆማል።

ለስኳሩ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ 2 ሚ.ሊ. ከ6 ሚ.ሊ. ሳላይን ጋር ተቀላቅሎ በ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ገባ። 40 ፐርሰንቱን ሳያቀጥኑ መስጠት የደም ሥሩን ያቃጥላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስኳሩ 118 ሆነ።

ቀጥሎ ዴክሳሜታሶን 0.5 ሚ.ግ. በደም ሥር። እዚህ ላይ ብልቃጡን ማንበብ ግድ ነው፤ ለእንስሳት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በ1 ሚ.ሊ. 2 ሚ.ግ. ነው፣ የሰው አምፑል ግን 4 ሚ.ግ. ነው። ከ4 ሚ.ግ. አምፑል 0.125 ሚ.ሊ. በስሪንጅ መለካት ስለሚያስቸግር 1 ሚ.ሊ. አምፑሉ በ7 ሚ.ሊ. ሳላይን ቀጠነ፤ ከዚያ 1 ሚ.ሊ. ልክ 0.5 ሚ.ግ. ነው። በየ12 ሰዓቱም 0.25 ሚ.ግ. ቀጠለ። ዴክሳሜታሶን የተመረጠው በላቦራቶሪ መለኪያ እንደ ኮርቲሶል ስለማይነበብ ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶንና ፕሬድኒሶሎን ራሳቸው እንደ ኮርቲሶል ይነበባሉ።

ድርቀቱ በ8 ፐርሰንት ተገመተ፤ 250 ሚ.ሊ. ገደማ ነው። ከዚህ የተሰጠው 60 ሲቀነስ 190 ይቀራል፤ በ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 8 ሚ.ሊ.። የዕለት ፍጆታው 6.5 ሲደመርበት በሰዓት 15 ሚ.ሊ. ይጠጋል። 60 ጠብታ 1 ሚ.ሊ. በሆነው የሕፃናት መስመር ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በሰዓት ስንት ሚ.ሊ. ከሆነ በደቂቃም ያንኑ ያህል ጠብታ ነው። ፓምፕ ለሌለው ክሊኒክ ይህን መስመር መያዝ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ማሞቅ የተጀመረው ፈሳሹ ከገባ በኋላ ነው። ለብ ያለ ውኃ በሃይላንድ ተሞልቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተደረገ። ደም ሳይሞላ ቆዳን ማሞቅ ያለችውን ጥቂት ደም ወደ ቆዳ ይጠራታል።

ሁለተኛው ቀን፣ ተስፋ የተቆረጠበት

በ24 ሰዓት የልብ ምቱ 176፣ ሙቀቱ 37.9 ደረሰ። ድመቱ ግን ራሱን አላነሳም፣ አልበላም። ባለቤቷ "ዶክተር፣ ባናሠቃየው አይሻልም?" አለች። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ውሻን ከማየት ነው፤ ውሻ በዚህ ሕመም ስቴሮይድ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይነሳል። ድመት ግን ቁጥሮቹ ከተስተካከሉም በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ደክሞ ሊተኛ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ሕክምናው አልሠራም ብሎ መወሰን ቸኩሎ መግደል ነው።

በዚሁ ቀን ፖታሲየሙ ወደ 3.2 ወረደ፤ ሳይበላ ሳላይን ብቻ ሲገባለት የሚጠበቅ ነው። በ1 ሊትር 20 ሚሊኤኩዊቫለንት ፖታሲየም ክሎራይድ ተጨመረ። ከተጨመረ በኋላ ከረጢቱ ደጋግሞ ይገለበጣል፤ ካልተገለበጠ ፖታሲየሙ ከመውጫው አጠገብ ተጠራቅሞ በአንዴ ይገባል።

ምግቡ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ለቀናት ያልበላ፣ በተለይ ወፍሮ የነበረ ድመት ጉበቱ በስብ ይሞላል፤ ስለዚህ በ3ኛው ቀን ጠዋት ቀጭን የሕፃናት የምግብ ቱቦ በአፍንጫው ገባ። የዕለት ፍላጎቱ ክብደቱ በ30 ተባዝቶ 70 ሲደመር 163 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሲሶው ብቻ ተሰጠ። ወቅቱ ጾም ስለነበር በቤቱ ሥጋም ቅቤም የለም፣ ልኳንዳውም ዝግ ነው። ዕንቁላል ግን ገበያ ሞልቷል፤ ሁለት የተቀቀለ ዕንቁላል 150 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በውኃ ተፈጭቶ፣ በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ፣ በየ4 ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ገባ። ቱቦው አንዴ ተዘጋ፤ ከምግቡ በኋላ 5 ሚ.ሊ. ውኃ ስላልተለቀቀበት ነው።

በነገራችን ላይ የጾም ሰሞን ሽሮ ለድመት አይመችም። የጎደለው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

በ4ኛው ቀን ማታ ድመቱ ቱቦውን በእግሩ ነቅሎ ከሳህን በላ።

ክኒኑን መቀነስ፣ አንዴም መሳሳት

መርፌው ወደ ፕሬድኒሶሎን ተዛወረ፤ 1.25 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለትም የ5 ሚ.ግ. ክኒን ሩብ። ፋርማሲው ፕሬድኒሶን ቢያቀርብ አይተካም፤ የድመት አካል ፕሬድኒሶንን ወደ ፕሬድኒሶሎን የመለወጥ አቅሙ ደካማ ነው። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ልዩነት እዚህ የመድኃኒት ልዩነት ነው።

በሕክምናው 10ኛ ቀን ድመቱ ጤነኛ ስለመሰለ መጠኑ በአንዴ ወደ 1.25 ሚ.ግ. በየሁለት ቀኑ ወረደ። ይህ ስህተት ነበር። ከ2.5 በየቀኑ ወደ አማካይ 0.6 በአንድ እርምጃ መውረድ ማለት ነውና። መጠኑ ከወረደ በ5ኛው ቀን ድመቱ ምግብ ተወ፣ አንዴ አስመለሰው። ወደ 1.25 በየቀኑ ሲመለስ በማግሥቱ በላ። ከዚያ በኋላ የሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ 1.25 በየቀኑ ለ3 ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ ለ4 ሳምንት፣ በየሦስት ቀኑ ለ2 ሳምንት፣ ከዚያ ማቆም። ክኒኑን ከሩብ በታች መቁረጥ ተሞክሮ ነበር፤ ይፈረፈራል፣ ስምንተኛው ከስምንተኛ አይመሳሰልም። መጠኑን ከማሳነስ ቀኑን ማራራቅ ይሻላል።

መዋጥ ሌላ ትግል ነበር። ፕሬድኒሶሎን መራራ ነው፤ ምላሱን ከነካ ድመቱ አረፋ ይደፍቃል፣ በቀጣዩ ቀን ሰው ሲያይ ይሸሻል። የተቀቀለ የዕንቁላል አስኳል ውስጥ ተድቦልቡሎ ሲሰጥ ግን ሳያውቅ ዋጠው። ባለቤቷ ለዚህ የተለየች ድስት መደበች።

በካርድ ላይ አንድ መመሪያ ተጻፈላት፦ ድመቱ ከታመመ፣ ከቆሰለ ወይም ረጅም መንገድ ከተጓዘ ለ2 ወይም 3 ቀን መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ካስመለሰው ሳይቆይ ለመርፌ ይምጣ። የተኛው ዕጢ ለተራ ቀን የሚበቃ ቢያመርትም ለጭንቅ ቀን ላይበቃው ይችላል።

ቁንጫው

ይህ ካልተፈታ ማሳከኩ ተመልሶ ክኒኑን ይጠራል። ለድመት የተዘጋጀ የፊፕሮኒል ጠብታ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በየወሩ አንገቱ ላይ ተደረገ። ለከብት የሚረጨው ዳያዚኖን ለድመት አይነካም፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ጠብታ ደግሞ ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። የሚተኛበት ጆንያ በፈላ ውኃ ታጠበ፣ የመጋዘኑ ማዕዘኖች በየ3 ቀኑ ተጠረጉ። የቁንጫ ሙሽሬ (ሙሉ ቁንጫ ከመሆኑ በፊት በሽፋን ውስጥ ያለው ደረጃ) ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል በመጀመሪያው ወር ቁንጫ ቢታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ለሌላ ድመት የሚወሰደው

የታመመ ድመት ሲመጣ ጥያቄው "ይወስዳል?" ሳይሆን "ወስዶ ያውቃል? መቼ ቆመ?" ይሁን። ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ስቴሮይድ የወሰደ ድመት በድንገት አይቆምለትም። ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሲቴት የተባለው የሚቆይ መርፌ ከተወጋ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ መርፌውን ያስታወሰ ሰው አይገኝም። "ለጉልበት" የሚጨመረው ዴክሳሜታሶንም ቢቀር ይሻላል፤ በዚህ ጉዳይ ሕመሙን ለአንድ ቀን ተኩል ሸፍኖ ሁሉንም አሳስቷል።

ፖታሲየሙ በእርግጥ ከፍ ብሎ፣ ሶዲየሙ ወርዶ፣ የስቴሮይድ ታሪክ ባይኖር ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ያ ድመት ከፕሬድኒሶሎን በተጨማሪ የአልዶስቴሮንን ቦታ የሚሸፍን ፍሉድሮኮርቲሶን (በቀን 0.1 ሚ.ግ. ገደማ) ወይም በወር አንዴ የሚወጋ ዴዞክሲኮርቲኮስቴሮን ፒቫሌት ዕድሜ ልኩን ይፈልጋል። ሶዲየሙም በ24 ሰዓት ከ10 እስከ 12 በላይ እንዳይወጣ ፈሳሹ ይገታል፤ ፈጥኖ የወጣ ሶዲየም አንጎልን ይጎዳል። ባለቤት ይህን ወጪና ፍለጋ ከመጀመሯ በፊት ሁለት ጊዜ በቀይ ቱቦ የተለካ ፖታሲየም ማየት ይገባታል።

መጨረሻ የታየበት

የመጨረሻዋ ሩብ ክኒን ከተሰጠች 6 ሳምንት በኋላ ድመቱ 3.6 ኪ.ግ. መዘነ። ሶዲየም 151፣ ፖታሲየም 4.4፣ ስኳር 96። ጀርባው ላይ ጸጉር በቅሏል፣ የሆዱ ቆዳ ግን አሁንም እንደሳሳ ነው። የድንገተኛ ካርዱ ከመጋዘኑ በር ጀርባ ተለጥፏል፤ ከሥሩ 4 ሩብ ክኒን በትንሽ ብልቃጥ ተንጠልጥሏል።